«ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ስኖው»ን ስንመለከት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 3 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ 45 ሰዎችን የያዘ የኡራጓይ አየር ኃይል አውሮፕላን የአንዲስን ተራሮች ሲያቋርጥ ተከሰከሰ። ተሳፋሪዎቹ በአብዛኛው «ኦልድ ክርስቲያንስ» የተባለው የሞንቴቪዴኦ ራግቢ ክለብ ተጫዋቾች፣ ጓደኞቻቸውና ዘመዶቻቸው ነበሩ፤ ለግጥሚያ ወደ ቺሊ ዋና ከተማ ወደ ሳንቲያጎ እየሄዱ ነበር። ከ72 ቀናት በኋላ ከዚያ በረዶ በሕይወት የወጡት 16 ናቸው። ስፔናዊው ዳይሬክተር ሁዋን አንቶኒዮ ባዮና ይህን ታሪክ በ2023 ወደ ፊልም አመጣው። ፊልሙ በስፔን የጎያ ሽልማት 12 ዘርፎችን አሸነፈ፣ ለሁለት ኦስካርም ታጨ። በኔትፍሊክስ በኩልም እኛ ቤት ድረስ ገባ።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ ስሰማ ግን ቅር ይለኛል። ከ45ቱ ሰዎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ይነሣሉ፤ ከ72ቱ ቀናትም አንድ ድርጊት ብቻ ይወራል። ይህን የመሰለ ሥራ እንዲህ ተሸራርፎ እንዲቀር አልፈልግም፤ ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሣ። ፊልሙን ገና ላላየ ሰው ግን ማሳሰቢያ አለኝ፦ ተራኪው ማን እንደሆነና ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ከዚህ በታች ይገለጻል።

«ሰው የበሉት ሰዎች ፊልም» ብሎ መጥራት

አብዛኛው ሰው ፊልሙን ለወዳጁ የሚያስተዋውቀው በዚህ አነጋገር ነው። ሰሚው ከዚያ በኋላ ፊልሙን የሚያየው ያቺን ሰዓት እየጠበቀ ነው። ከእርሷ በፊት ያለው መንደርደሪያ፣ ከእርሷ በኋላ ያለው ትርፍ ይሆንበታል።

መጀመሪያ የነበሩበትን ቦታ እናስተውል። አውሮፕላኑ ያረፈበት የበረዶ ሸለቆ ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሣር የለም፣ ቅጠል የለም፣ የሚታደን አውሬ የለም። በእጃቸው የነበረው ምግብ ጥቂት ቸኮላት፣ ጥቂት ማርማላታ፣ ጥቂት ከረሜላና ጥቂት ጠርሙስ ወይን ነበር። ከተረፉት አንዱ የሆነው ናንዶ ፓራዶ በቸኮላት የተለበጠች አንዲት ኦቾሎኒ ለሦስት ቀን እንዳቆየ ተናግሯል። በመጀመሪያው ቀን ቸኮላቱን መጠጠ፣ በሁለተኛው ቀን የኦቾሎኒዋን ግማሽ በላ፣ በሦስተኛው ቀን የቀረውን ግማሽ። የሻንጣ ቆዳ ለማኘክ ሞከሩ፤ የመቀመጫውን ሙሌት ፈለፈሉ፣ የሚበላ ነገር አልነበረውም። የፍለጋው ሥራ ከስምንት ቀን በኋላ መቋረጡን ደግሞ ከትንሽ ራዲዮ ሰሙ።

ባዮና ብዙ ጊዜ የሰጠው የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ሥጋ ስለ መብላት በአውሮፕላኑ ቀፎ ውስጥ ለተካሄደው ክርክር ነው። አንዱ እግዚአብሔር ይቅር ይለናል ወይ ይላል፤ ሌላው ሕጉን ያነሣል፤ ሌላው ሰውነታችን እየተበላ ነው፣ ቶሎ መወሰን አለብን ይላል። ሁሉም የካቶሊክ ልጆች ናቸው፣ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ያደጉም ብዙ ናቸው። ሲወስኑም እኩል አልወሰኑም፤ አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዳንዱ ከብዙ ቀን ትግል በኋላ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ተራ በተራ ቃል ይሰጣል፦ እኔ ብሞት ሥጋዬን ተጠቀሙበት። ለእኔ የፊልሙ ማዕከል ይህ ቃል ነው። ለሌላው ሕይወት ራስን አስቀድሞ መስጠት ነውና።

ሥጋውን የመቁረጡን ከባድ ሥራ የወሰዱት ስትራውች የተባሉት ሦስት የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ሥጋው የማን እንደሆነ ሌሎቹ እንዳያውቁ ከሰው ዕይታ ርቀው ይሠሩ ነበር። ያንን ሸክም ብቻቸውን ተሸከሙት። ካሜራውም በእነዚያ ቀናት ርቆ ይቆማል፤ የሚቀርበው ለፊታቸው ነው። ሬሳ ለማየት የተዘጋጀ ተመልካች ይህ ያስከፋው ይሆናል፤ እኔ ግን የዳይሬክተሩን ጨዋነት አደንቃለሁ።

ከተረፉት አንዱ የሆነው አልፍሬዶ ዴልጋዶ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1972 በትምህርት ቤታቸው በተሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ነገሩን ከጌታ የመጨረሻ እራት ጋር አያይዞ ተናገረ። የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ኃጢአት አልሠሩም አሉ። እኛ ከ50 ዓመት በኋላ በጠገበ ሆድ ስለ እነርሱ ስናወራ ቢያንስ ያንን ያህል አክብሮት ይገባናል።

መትረፋቸውን የሁለት ጀግኖች ሥራ ማድረግ

ፓራዶና ሮቤርቶ ካኔሳ ተራራውን አቋርጠው እርዳታ ማምጣታቸው እውነት ነው፣ ታላቅም ነው። ነገር ግን እነርሱ ጉዞ የጀመሩት በ61ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ሕይወታቸው የቆየው በብዙ ሰዎች እጅ ነው።

ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑን ከፊት ወደ እጅ ያዙር። በመጀመሪያው ሌሊት የክለቡ አምበል ማርሴሎ ፔሬዝ የተሰነጠቀውን የአውሮፕላን ጀርባ በሻንጣና በመቀመጫ አስዘጋ፤ ያ ግድግዳ ባይኖር ብዙዎቹ እስከ ንጋት አይደርሱም ነበር። ፊቶ ስትራውች ከመቀመጫው ሥር የወጣውን ቆርቆሮ በፀሐይ ላይ ዘርግቶ በረዶ አደረገበት፤ የሚቀልጠው ውኃ በባዶ የወይን ጠርሙስ ይጠራቀማል። በረዶ መብላት አፍን ያቆስላል፣ የሰውነትን ሙቀትም ይጨርሳል፤ ስለዚህ ይህች ቆርቆሮ ከምግብ ያልተናነሰ ሥራ ሠርታለች። ይኸው ሰው ከአብራሪዎቹ ክፍል የፀሐይ መከላከያ ፕላስቲክ፣ ከሽቦና ከጡት መያዣ ማሰሪያ መነጽር ሠራ፤ የበረዶ ነጸብራቅ ዓይን ያሳውራልና። የመቀመጫው ልብስ ብርድ ልብስ ሆነ፣ ፍራሹ ደግሞ በበረዶ ላይ እንዳይሰምጡ ከጫማ ሥር ታሰረ።

ተጓዦቹ ሦስት ሌሊት በቁልቁለት ላይ ያደሩበት የመኝታ ከረጢትም የተሰፋው ከአውሮፕላኑ ጭራ በተገኘ የሙቀት መከላከያ ጨርቅ ነው። ስፌቱን የመራው ካርሊቶስ ፓኤዝ ነበር፤ መርፌ መያዝን በልጅነቱ ያስተማረችው እናቱ ናት። ያ ከረጢት ባይኖር የፓራዶና የካኔሳ እግር ከመጀመሪያው ሌሊት አያልፍም።

ሊልያና ሜቶልን ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ አያስታውስም። የአራት ልጆች እናት ነበረች፤ ከሴቶቹ በመጨረሻ የቀረችው እርሷ ናት። ያንን የወጣት ወንዶች ስብስብ ስታጽናና ቆይታ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ሌሊት በወረደው የበረዶ ናዳ ከሰባት ሰዎች ጋር ሞተች። ባለቤቷ ግን ተርፎ ወደ ልጆቹ ተመለሰ። አምበሉ ማርሴሎም በዚያው ሌሊት አለፈ።

«ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ኖሮ» እያሉ መፍረድ

ካርታ ከፍቶ መፍረድ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ የወደቀው በአርጀንቲና ምድር ነው። ወደ ምሥራቅ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አንድ የተተወ ሆቴል ነበር። እነርሱ ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ከፍተኛው ተራራ ሄዱ። «ሞኞች ነበሩ» የሚል አስተያየት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ በረራው መመለስ ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ከአርጀንቲናዋ ከተማ ከሜንዶሳ በቀጥታ ወደ ሳንቲያጎ ማቋረጥ አላመቸውም፤ ስለዚህ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ዝቅ ባለው በፕላንቾን ማለፊያ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ፣ ኩሪኮ የተባለችው የቺሊ ከተማ ላይ ሲደርስ ወደ ሰሜን መታጠፍ ነበረበት። ታች ያለው ሁሉ በደመና ተሸፍኗል፤ አብራሪዎቹ ያሉበትን ቦታ የሚገምቱት በፍጥነትና በሰዓት ስሌት ነው። ከፊት የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ግን አውሮፕላኑን ወደ ኋላ እየያዘው ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ ማለፊያውን መሻገራቸውን አስታወቁ። ከዚያ እስከ ኩሪኮ በተለመደው 11 ደቂቃ ይወስዳል። ረዳት አብራሪው ላጉራራ ግን ከሦስት ደቂቃ በኋላ ኩሪኮ ደርሰናል ብሎ ወደ ሰሜን ታጠፈ፣ ከፍታ ለመቀነስም ፈቃድ ጠየቀ። ሳንቲያጎ ያለው ተቆጣጣሪ በራዳር አያየውም ነበርና ፈቀደ። አውሮፕላኑ በደመናው ውስጥ ወደ ተራሮቹ መሐል ወረደ።

ረዳት አብራሪው ከመሞቱ በፊት ለወጣቶቹ «ኩሪኮን አልፈናል» ይላቸው ነበር። የከፍታ መለኪያው ተበላሽቶ 7,000 ጫማ፣ ማለትም 2,100 ሜትር ገደማ ያሳያል። እንግዲህ ያላቸው መረጃ ይህ ነው፦ ኩሪኮን አልፈናል፣ ያለንበትም ያን ያህል ከፍ ያለ አይደለም። በዚህ መረጃ ማንም አስተዋይ ሰው የቺሊ አረንጓዴ መስክ ከፊት ለፊት ካለው ተራራ ጀርባ ነው ብሎ ይደመድማል። ፓራዶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ያየው ግን ሌላ የተራራ ሰንሰለት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው ካኔሳና እርሱ ምግቡ እንዲበቃቸው ሦስተኛውን ጓደኛቸውን ቪዚንቲንን ወደ አውሮፕላኑ መልሰው ሁለት ሆነው የቀጠሉት። ያለ ተራራ መውጫ ዕቃ፣ በራግቢ ጫማ፣ አሥር ቀን ተጓዙ።

«ለምን አልታዩም?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ነው። የአውሮፕላኑ የላይኛው ክፍል ነጭ ነበር፤ ነጭ ነገር በነጭ በረዶ ላይ ከሰማይ አይለይም። «ለምን በራዲዮ አልተጣሩም?» ለሚሉም መልስ አለ። የጭራውን ባትሪዎች አግኝተው ራዲዮውን ለማስነሣት ብዙ ቀን ደከሙ፤ ባትሪው የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ዓይነት ራዲዮው ከሚፈልገው የተለየ ስለ ነበር ሙከራው ከመጀመሪያውም የሚሳካ አልነበረም።

ተራኪው ሲሞት «ተታለልን» ማለት

ተራኪው ኑማ ቱርካቲ ነው፤ ተዋናዩ ኤንዞ ቮግሪንሲች ይባላል። ኑማ የክለቡ ተጫዋች አልነበረም፤ በጓደኞቹ ግብዣ የተቀላቀለ ሰው ነው። ታሪኩን የሚነግረን እርሱ ስለሆነ እንደሚተርፍ እናምናለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ይሞታል። ጉዞው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በተራራው ላይ ከሞቱት የመጨረሻው ሆኖ።

አንዳንድ ተመልካች በዚህ ይናደዳል፤ የሞተ ሰው እንዴት ይተርካል ይላል። እንደ እኔ እምነት ይህ የፊልሙ ትልቁ ውሳኔ ነው። በዚህ ታሪክ ላይ ከዚያ በፊት የተነገረው በአብዛኛው የተነገረው በተረፉት አንደበት ነው፤ ያ ተፈጥሯዊ ነው፣ የሞተ አይናገርምና። ባዮና ቃሉን ለሟች ሰጠው። ኑማ ሲሞት በእጁ የያዛት ብጣሽ ወረቀት ላይ ያለውን እኛ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን፦ «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም።» እርሱ ሥጋውን አንበላም ብለው ከቆዩት አንዱ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ ነው ጉዞው ሊዘገይ እንደማይችል ሁሉም የተረዱት። የተራኪው ሞት ታሪኩን አልሰበረውም፤ ገፍቶ ያስነሣው እርሱ ነው።

በአሥር ደቂቃ ማጠቃለያ ወይም በእንግሊዝኛ ድምፅ ማየት

በአማርኛ የሚተረኩ የፊልም ማጠቃለያዎች ለብዙ ሰው በር ከፍተዋል፤ ጥቅማቸውን አልክድም። ለዚህ ፊልም ግን አይሆኑም። ታሪኩን አስቀድመን የምናውቀው ስለሆነ «ምን ሆነ» የሚለው ብቻውን ብዙ አይሰጠንም። የፊልሙ ርዝመት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው፤ ያ ርዝመት ራሱ ሥራ አለው፣ የቀናቱን ክብደት የምናውቀው በእርሱ ነው።

ድምፁንም ወደ ዋናው ስፓኒሽ ይቀይሩት። ተዋንያኑ ኡራጓያውያንና አርጀንቲናውያን ወጣቶች ናቸው፤ የሚናገሩት የአገራቸውን ስፓኒሽ ነው። ቋንቋውን ባንሰማም የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የጥርስ መንቀጥቀጥ፣ ሌሊት በጨለማ የሚጠራ ስም ይሰማናል። ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ የተቀዳ የእንግሊዝኛ ድምፅ ይህን ሁሉ ያጥባል። የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ የሚከብድ ከሆነ ካወቀ ሰው ጋር አብሮ ማየት ይሻላል።

የሟቾቹን ስም ማሳለፍ

ሰው በሞተ ቁጥር ስሙና ዕድሜው በስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ይህን የስልክ ጊዜ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። እባክዎ ያንብቡት። 19፣ 20፣ 24 የሚሉ ቁጥሮች እየተከታተሉ ሲመጡ ነው የአደጋው ልክ የሚገባው።

በእነዚያ ቀናት ጉስታቮ ሴርቢኖ የሟቾቹን መስቀል፣ ሰዓት፣ ደብዳቤ በአንድ ሻንጣ ይሰበስብ ነበር፤ ለቤተሰቦቻቸው ለማድረስ። ሄሊኮፕተር ሲመጣም ያንን ሻንጣ አልተወውም። ዓለም ታሪኩን «የአንዲስ ተአምር» ይለዋል፣ እኔም ቃሉን አልጠላውም፤ ነገር ግን የ29ኙ ሟቾች ቤተሰቦች ያንኑ ታሪክ በሌላ ስም ያውቁታል። ፊልሙ ይህን የሚያሳይበት አንድ ትዕይንት አለ። የተረፉት ስም ዝርዝር ለቤተሰቦች በራዲዮ ይነበባል። በእውነተኛው ታሪክ አንባቢው ልጁን ለሁለት ወር ከግማሽ ሲፈልግ የነበረው ሠዓሊ ካርሎስ ፓኤዝ ቪላሮ ነው። በፊልሙ ውስጥ የእርሱን ቦታ ይዞ የሚያነበው ከአደጋው የተረፈው ልጁ ካርሊቶስ ራሱ ነው። አርጅቶ፣ አባቱን ሆኖ፣ የራሱን ስም «ልጄ» ብሎ ያነባል። ከዚያ ዝርዝሩ ያልቃል፣ ስማቸው ያልተጠራ ልጆች እናቶችም እየሰሙ ነው።

ካታላንን መርሳት

ሴርጂዮ ካታላን ከብት ነጂ የቺሊ ገጠር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ምሽት ከወንዝ ማዶ ሁለት የተጎሳቆሉ ሰዎች ሲጮኹ አየ። የውኃው ድምፅ ስለማያሰማ «ነገ» ብሎ ጮኸ፣ በማግስቱም ተመለሰ። ወረቀትና እርሳስ በድንጋይ አስሮ ወረወረላቸው። ፓራዶ ከተራራ ከወደቀ አውሮፕላን እንደመጣ፣ አሥር ቀን እንደተጓዙ፣ 14 ሰዎች አሁንም እዚያ እንዳሉ ጽፎ መልሶ ወረወረ። ካታላን ዳቦ ጣለላቸውና ለሰዓታት በፈረስ ተጉዞ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም ወጡ። በፊልሙ ላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከብት ጠባቂ ያሳደገው አገር ሰው ግን ይህን ሰው ሊያሳልፈው አይገባም። በ2020 በ91 ዓመቱ ሲያርፍ የተረፉት እንደ አባት አለቀሱለት።

ፊልሙን እንደ ሰነድ መውሰድ

ባዮና ለእውነቱ የቀረበ ሥራ ሠርቷል፤ የሟቾቹን ስም የተጠቀመው በቤተሰቦቻቸው ፈቃድ ነው፣ የተረፉትንም በሰፊው አነጋግሯል። ቢሆንም ንግግሮቹ ተጽፈዋል፣ ብዙ ቀናት ወደ አንድ ቀን ተጠቃለዋል፣ አብዛኛው በረዶም የአንዲስ ሳይሆን በስፔን የሚገኘው የሴራ ኔቫዳ ተራራ ነው። «ፊልሙ ላይ እንዲህ ብሏል» ብሎ ለኑማ ወይም ለካኔሳ ቃል መስጠት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከተሠራው የእንግሊዝኛ ፊልም ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው፤ ያ በሆሊውድ ተዋንያን የተሠራ የተለየ ሥራ ነው፣ በኤታን ሆክ ፊት የሚታወሰው ፓራዶም ከዚያ የመጣ ነው።

የተረፉት በራሳቸው አፍ የተናገሩትን መስማት የሚፈልግ ሰው ጎንዛሎ አሪሆን እ.ኤ.አ. በ2007 የሠራውን ዘጋቢ ፊልም ይፈልግ። ወደ ሸለቆው ተመልሰው፣ አንዳንዶቹ ከልጆቻቸው ጋር፣ በየራሳቸው አተያይ ይናገራሉ፤ አንዱ የሚያስታውሰው ከሌላው ጋር የማይገጥምበት ቦታም አለ። ባዮና የተነሣበት መጽሐፍ ደግሞ የፓብሎ ቪየርሲ ነው። ቪየርሲ ከብዙዎቹ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፤ በመጽሐፉም 16ቱን አንድ በአንድ እያናገረ ለእያንዳንዱ የራሱን ምዕራፍ ሰጥቷል።